ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃልና ስለ አንድ የውኃ ማጠራቀሚያ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ በዛሬው ጉባኤ ላይ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ ርእሴን ነገርሁት፤ እርሱም ሳቀ። «ሌሎቹ ስለ አገር ዕድገትና ስለ ፍልስፍና ሲናገሩ አንተ ስለ አንድ ቃል ብቻ ልትናገር ነውን?» አለኝ። አዎን፤ ስለ አንድ ቃል ብቻ ነው የምናገረው። ቃሉም እንግሊዞች በሲ፥ በኤ፥ በዩ፥ በኤልና በኬ የሚጽፉት፥ ሲጠሩት ግን ኤሉን ውጠው «ኮክ» የሚሉት ነው። እኛ ኮክ ሲባል ትዝ የሚለን ከገበያ የምንገዛው ፍሬ ነው። ይኸኛው ኮክ ግን አይበላም። እንዲያውም አንድ ሰፈር ሰው ውኃ እንዲጠማው ያደረገ ቃል ነው። ጥፋቱም የቃሉ ሳይሆን የእኔ ስለ ሆነ፥ በመጀመሪያ ንስሐዬን ላስቀድም።

የተወለድሁትና ያደግሁት በሀዲያ፥ በሻሾጎ ወረዳ ከተማ በቦኖሻ ነው። ቦኖሻን ለማታውቁ፥ ከሆሳዕና ደጋ ወደ ምሥራቅ ወርዳችሁ ወደ ቢላቴ ወንዝ ሸለቆ ስትቃረቡ የምታገኟት ከተማ ናት። የቦዮ ሐይቅ ከእርስዋ ሩቅ አይደለም። ክረምት በሆነ ጊዜ ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ሜዳውን ያጥለቀልቀዋል፤ በጋ በሆነ ጊዜ ደግሞ ያው ሜዳ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ የእኛ አገር ሰው ውኃ ሲበዛም ይቸገራል፥ ሲጠፋም ይቸገራል።

የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፥ ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት በሰፈራችን ከሚገኝ አንድ ግቢ ውስጥ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ለመትከል መጣ። ማጠራቀሚያው ከብረት ቆርቆሮ የተሠራ ሲሆን፥ ልዩ ልዩ ቁራጮቹ በብሎን ተገጣጥመው የሚቆሙ ነበሩ። ከዕቃው ጋር በእንግሊዝኛ የተጻፈ መመሪያ አብሮ መጣ። ዕቃውን ያመጣው ሰው አራግፎ ሄደ፤ መመሪያውን የሚያነብ ሰውም ተፈለገ። በሰፈሩ ውስጥ በእንግሊዝኛ ከሁሉ የሚበልጥ ውጤት ያለው እርሱ ነው ተብሎ ተጠራሁ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። እናቴ እንኳ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ ትመለከተኝ ነበር።

አነበብሁ፤ ተረጐምሁም። ብሎኑ በስንት ሊጠብቅ እንደሚገባ፥ መሠረቱ እንዴት እንደሚስተካከል በደኅና ተናገርሁ። በመጨረሻ ላይ «ውኃ ከመሙላታችሁ በፊት መጋጠሚያውን ሁሉ ኮክ አድርጉ» የሚል ደረሰብኝ። ቃሉን አላውቀውም ነበር። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አላውቅም ማለት፥ ወይም መዝገበ ቃላት ገልጦ ማየት ነውር መሰለኝ። መልኩ መምህራችን በሰሌዳ ላይ ከሚጽፉበት ከጠመኔው ስም ጋር ተመሳሰለብኝ፤ በአንድ ፊደል ቢለያዩ ምን ይሆናል ብዬ «መጋጠሚያውን ሁሉ በኖራ ቀቡት ይላል» አልሁ።

ሥራውን የሚመሩት አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ነበሩ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፥ ኖራ ውኃ ይይዛልን?» አሉኝ። እኔም «አባባ፥ መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ብዬ መለስሁላቸው። እርሳቸውም ለመጽሐፉ ክብር ሲሉ ዝም አሉ። መጋጠሚያው ሁሉ በኖራ ተቀባ። ማጠራቀሚያውም ነጭ መስመር እንደ ተጠለፈበት ቀሚስ አምሮ ቆመ።

ዝናቡ ሲመጣ ኖራው ታጠበ። ውኃው በየስፌቱ እየተንጠባጠበ በመስከረም ማጠራቀሚያው ባዶ ሆነ። በዚያ በጋ እናቴና ጎረቤቶችዋ እንደ ዱሮው ጄሪካን በጀርባቸው ተሸክመው ሩቅ መንገድ ሄዱ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነው። ከዕቃው ጋር አንድ ካርቶን ሙሉ ቱቦ መጥቶ ነበር። ምን እንደ ሆነ ስላልታወቀ በመጋዘን ተቀመጠ። በበጋው ማለቂያ አውጥተን ባየነው ጊዜ በውስጡ ያለው ሁሉ ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኖአል። በቱቦው ላይ የተጻፈው «ሲላንት» የሚል ነበር፤ ይኸውም ማሸጊያ ማለት ነው። ይህን ቃል አውቀው ነበር! ነገር ግን መመሪያው በአንድ ስም፥ ቱቦው በሌላ ስም ስለ ጠሩት፥ ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸውን አልጠረጠርሁም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ይህን ቃል እንደ ባለ ዕዳ ስከታተለው ቆየሁ። ያገኘሁትንም ለእናንተ አካፍላለሁ።

ቃሉ የመጣው ከላቲን ነው። ላቲኖች ተረከዝን «ካልክስ» ይሉታል፤ በተረከዝ መርገጥን ደግሞ «ካልካሬ» ይላሉ። ይህ ግሥ በሰሜን ፈረንሳይ አንደበት ተለውጦ በመካከለኛው ዘመን ማብቂያ ገደማ ወደ እንግሊዝኛ ገባ። መርገጥ እንዴት ማሸግ ሆነ ብትሉ፥ ነገሩ የመርከብ ሠሪዎች ነው። የእንጨት መርከብ ሳንቃ በሳንቃ ተገጣጥሞ ሲሠራ በሳንቃዎቹ መካከል ቀጭን ክፍተት ይቀራል። ሠራተኛው ያረጀ ገመድ ፈትቶ እንደ ባዘቶ ያፍታታዋል፤ ያንንም በክፍተቱ ውስጥ እያስገባ በብረትና በመዶሻ ይጠቀጥቀዋል። ከዚያ በላይ ትኩስ ዝፍት ያፈስበታል። ጭረቱን በግድ ረግጦ ማስገባት ነውና ሥራው «መርገጥ» ተባለ። በ19ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ አገር ያረጀ ገመድ መፍታት የእስረኞችና የድኾች መጠጊያ ቤት ሰዎች ሥራ ነበር።

አሁን አንድ የሚያስገርም ነገር ልንገራችሁ። በላቲን ኖራም «ካልክስ» ይባላል። ሁለቱ በድምፅ አንድ ናቸው፤ በትርጓሜ ግን የተለያዩ ናቸው። ከተረከዙ ካልክስ የዛሬው ርእሳችን ተወለደ፤ ከኖራው ካልክስ ደግሞ የጠመኔ የእንግሊዝኛ ስምና በኬሚስትሪ ትምህርት የምናውቀው ካልሲየም ተወለዱ። ስለዚህ እኔ ቦኖሻ ላይ የተሳሳትሁት ስሕተት ሥሩ ሁለት ሺህ ዓመት የሚያልፈው መሆኑን ሳውቅ ጥቂት ተጽናናሁ። ነገር ግን ማጠራቀሚያው በዚህ መጽናናት አልሞላም።

የዚህ ሥራ ባለሙያዎች በጥንት ዘመን የታወቁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በትንቢተ ሕዝቅኤል 27ኛ ምዕራፍ ስለ ጢሮስ ሲናገር የጌባልን ሽማግሌዎችና ጠቢባን በዚሁ ቃል ይጠራቸዋል፤ የሚጽፈውም ያለ ዩ ነው። በቍስጥንጥንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1041 እስከ 1042 የነገሠው ዳግማዊ ሳይሆን አምስተኛው ሚካኤል «ካላፋቴስ» ይባል ነበር። ትርጓሜውም መርከብ ወታፊ ማለት ነው፤ አባቱ በዚህ ሙያ ያደረ ሰው ነበርና። ሕዝቡ ንጉሠ ነገሥቱን በአባቱ ሙያ ስም የጠራው ለማክበር ሳይሆን ለመናቅ ነው። የእጅ ባለሙያን መናቅ የእኛ አገር በሽታ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ስለ እኛስ አገር? በ6ኛው መቶ ዘመን የነበረው የቢዛንታይን ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ ስለ ዐፄ ካሌብ የየመን ዘመቻ በሚተርክበት ክፍል በቀይ ባሕርና በሕንድ ባሕር የሚሄዱ ጀልባዎች እንደ ሌላው አገር መርከብ በዝፍት እንደማይቀቡና በብረት ምስማር እንደማይያዙ፥ ሳንቃዎቻቸው በገመድ እንደሚታሰሩ ጽፏል። በዚያ ዘመን ሰዎች «ምስማር ያለበት መርከብ ቢሄድ በባሕሩ ውስጥ ያለው ማግኔት ድንጋይ ይስበዋል» ይሉ ነበር፤ ፕሮኮፒዮስ ግን ብረት የተመታባቸው የሮማውያን መርከቦች በዚያው ባሕር ላይ በደኅና እንደሚሄዱ ጠቅሶ ይህን ወሬ አይቀበልም። የጣና ታንኳ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። ደንገሉ ራሱ ስለሚንሳፈፍ ውኃ ቢገባም አይሰጥምና ስፌቱ አይወተፍም፤ ውኃ በጠጣ ጊዜ ወደ ዳር ወጥቶ ይደርቃል እንጂ።

በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ኖኅ መርከብና ስለ ሕፃኑ ሙሴ ሣጥን ሲናገር «ለቀለቀ» የሚለውን ግሥ፥ «ቅጥራን» እና «ዝፍት» የሚሉትንም ስሞች ይጠቀማል። መልካም ቃላት ናቸው። ነገር ግን መለቅለቅ ላይ ላዩን ማልበስ ነው፤ በስንጥቁ ውስጥ ጠቅጥቆ ማስገባትን አይናገርም። ስለዚህ ወደ እናቶቻችንና ወደ አባቶቻችን ቤት ልግባ።

የጠላ ጋን በተጠነሰሰ ጊዜ አፉ በጭቃ ይመረጋል። አረቄ ሲወጣ ማሰሮውና ቱቦው የሚገናኙበት ቦታ እንፋሎቱ እንዳያመልጥ ዙሪያው ይመረጋል። ጎተራ በውስጥም በውጭም በእበትና በጭቃ ይለቀለቃል። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ይሟሻል፤ ይህም የዓይን የማያየውን ቀዳዳ መድፈን ነው። የቤት ግድግዳ ከመመረጉ በፊት ጭቃው ከጭድ ጋር በእግር ይረገጣል። እነሆ፥ የላቲኑ ተረከዝ በእኛ ምርጊት ውስጥም አለ!

የእናቴ ወገኖች በሆሳዕና በኩል ባለው ደጋ ይኖራሉ። በሕፃንነቴ አያቴ የቆጮ ጉድጓድ ስታዘጋጅ አይቻለሁ። ጉድጓዱ በእንሰት ቅጠል በድርብ ይነጠፋል፤ ቆጮው ተጠቅጥቆ ይገባል፤ በላዩ ሌላ ቅጠል ይከደናል፤ ከዚያም ድንጋይ ይጫንበታል። አየር ከገባ ይበላሻል፤ አየር ካልገባ ግን ለወራት፥ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። እኛ በላቦራቶሪ «ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች» ብለን የምንማረውን አያቴ በቅጠልና በድንጋይ ታሠራቸው ነበር። ቅጠሉ የተቀደደ እንደ ሆነ በሌላ ቅጠል ሳትደርብ አታልፍም። ያን ቀን ያንን መመሪያ ለአያቴ በደንብ ተርጕሜላት ቢሆን ኖሮ፥ ማጠራቀሚያው አንድ ጠብታ ባላፈሰሰ ነበር።

አሁን ወደ ቃሉ አገባብ እንምጣ። እነዚህን ሥራዎች እንዳናምታታ ለይተን እንያቸው።

መጀመሪያ፥ ማሸግ የሁሉ አባት ነው፤ ደብዳቤም ይታሸጋል፥ ጠርሙስም ይታሸጋል፥ ቤትም በፍርድ ቤት ይታሸጋል። ሁለተኛ፥ መድፈን ለቀዳዳና ለጉድጓድ ነው። ሦስተኛ፥ መምረግ ፊቱን በሙሉ ማልበስ ነው። አራተኛ፥ ማጣበቅ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ መያዝ ነው፤ ብየዳም እንዲሁ። አምስተኛ፥ መወተፍ ለስላሳ ነገር በጠባብ ቦታ ጠቅጥቆ ማስገባት ነው፤ ከዚህም «ውታፍ» የሚለው ስም ወጥቷል። ኮክ ማድረግ ከእነዚህ ሁሉ የሚቀርበው ለዚህ ለአምስተኛው ነው። ነገር ግን ውታፍ ለክብ አፍ ሲሆን፥ ኮክ ለረጅም ስፌት ነው። ስለዚህ «መጋጠሚያውን መወተፍ» ብንል ትርጓሜው አይጎድልም፤ ለዕቃውም «መወተፊያ» ብንል ማንም ግንበኛ ይረዳናል።

ኮክ ለመያዣነት እንደማያገለግል ልብ በሉ። ቆርቆሮውን የሚይዘው ብሎኑ ነው፤ መወተፊያው በተያዙት ሁለት ነገሮች መካከል ያለውን ክፍተት ይዘጋል እንጂ። ደግሞም መለጠጥ አለበት። ቆርቆሮ በፀሐይ ይሰፋል፥ በሌሊት ብርድ ይሸማቀቃል። በመጋጠሚያው ላይ ሲሚንቶ ብናደርግ ደረቅ ስለ ሆነ በዚህ እንቅስቃሴ ይሰነጠቃል። ኖራ ቀለም ደግሞ ክፍተቱን ሊሞላ አይችልም። የዛሬው መወተፊያ ከላስቲክነት ባሕርይ ካላቸው ነገሮች የሚሠራው ስለዚህ ነው።

በገበያችን ሰው ሁሉ የቱቦውን መወተፊያ «ሲሊኮን» ይለዋል። ሲሊኮን ግን ከዓይነቶቹ አንዱ ነው። አክሪሊክ የሚባለው ከደረቀ በኋላ ቀለም ይቀባል፤ ሲሊኮን ግን ቀለም አይቀበልም፥ ለውኃና ለእርጥበት ቦታ ግን ይበልጣል። ስቱኮ የምንለው የግድግዳንና የእንጨትን ጉድለት ለማስተካከል ነው፤ ለሚንቀሳቀስ መጋጠሚያ አይሆንም። የቧንቧ ሠራተኛው በቧንቧ ጥርስ ላይ የሚጠቀልለው ቃጫ ግን የመርከብ ወታፊው ጭረት የቅርብ ዘመድ ነው።

አሜሪካኖች ለዚህ ሁሉ ኮክ የሚለውን ቃል ሲወድዱ፥ በእንግሊዝ አገር ያሉ ሠራተኞች ብዙውን ጊዜ ሲላንት ወይም ማስቲክ ይላሉ። ማስቲሽ የምንለውን ማጣበቂያ ስም ከጣልያኖች የወሰድነው ከዚሁ ከማስቲክ ዘር ነው። በእንግሊዞችም አንደበት ኮክና የጠርሙስ ቡሽ ስም በድምፅ አይለዩም፤ ስለዚህ በጆሮ የሰማ ሰው በጽሑፍ ሳያረጋግጥ አይተርጕም። ያለ ዩ በተጻፈ ጊዜ ደግሞ በፈረስ ጫማ ብረት ሥር ያለውን ሹል ጉጠት ሊሆን ይችላል፤ እርሱም ከተረከዝ የመጣ ነው። አገባቡን አይተን እንለይ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ክፍተት ሁሉ አይወተፍም። በቤታችን ግድግዳና ጣራ መካከል ባለው ክፍተት የወባ ትንኝ እንደምትገባ የታወቀ ነው፤ የሻሾጎ ሰውም የወባን መከራ ያውቃል። ነገር ግን በውስጡ እሳት የሚነድበትን ቤት ፈጽሞ ብንደፍነው ጢሱ እናቶቻችንን ይጎዳል፤ በዚያ ቦታ የሚሻለው ወንፊት ሽቦ ነው። በእህል በኩል ግን ፈጽሞ መዝጋት ይጠቅማል። ዛሬ ገበሬው የሚገዛው ሦስት ድርብ ከረጢት በደንብ ከታሰረ ነቀዙ በውስጥ ያለውን አየር ጨርሶ ይሞታል። አስተሳሰቡ ከአያቴ ጉድጓድ የራቀ አይደለም። እንግዲህ ቃሉን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ የት እንደሚውል ማወቅም ያሻል።

ክቡራትና ክቡራን፤

እኛ የሀዲያ ልጆች በቤት ሀዲይሳ፥ በገበያ አማርኛ፥ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ እንናገራለን። ይህ ሀብት ነው። ነገር ግን ሦስቱ ቋንቋዎች በእኛ ውስጥ እንደዚያ ማጠራቀሚያ ቆርቆሮ ተገጣጥመው ብቻ ቆመዋል፤ በመካከላቸው ያለውን ስፌት አልወተፍነውም። በእንግሊዝኛ የተማርነው ዕውቀት ወደ ሰፈራችን ሳይደርስ በየመጋጠሚያው ይንጠባጠባል። ፈተና እናልፋለን፤ የሚጠማው ግን ሌላ ሰው ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። እያንዳንዳችን በየትምህርት ክፍላችን በዓመት ሃያ የሥራ ቃላት እንሰብስብ። መጀመሪያ ትርጓሜውን ከመጻሕፍት እንፈልግ፤ ከዚያ በዕረፍት ጊዜ ወደ አገራችን ስንሄድ ለግንበኛው፥ ለአናጢው፥ ለቧንቧ ሠራተኛውና ለእናቶቻችን እናሳያቸው፤ «ይህን ሥራ እናንተ ምን ትሉታላችሁ?» ብለን እንጠይቃቸው። የሚሉንንም በሀዲይሳም፥ በከምባትኛም፥ በአማርኛም ጽፈን በዚህ ጋዜጣችን እናውጣ። የእኔ የመጀመሪያው ቃል ተመዝግቦ ይቆየኝ።

ባለፈው ክረምት ወደ ቦኖሻ ስሄድ ሁለት ቱቦ መወተፊያ ገዝቼ ይዤ ነበር። ወደ እነዚያ ሽማግሌ ግንበኛ ቤት ሄጄ «አባባ፥ ያን ጊዜ መጽሐፉ አልተሳሳተም፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ» አልኋቸው። አልተቆጡም። ቱቦውን ተቀብለው ተመለከቱና «ታዲያ ይህ ውታፍ አይደለምን? ያኔ እንዲህ ብለኸኝ ቢሆን ኖሮ እኔ ራሴ አልረሳውም ነበር» አሉኝ። አብረን ሄደን አሮጌውን ኖራ ፋቅን፤ ስፌቱንም እስከ ማታ ስንወትፍ ዋልን። እርሳቸው እየመሩ፥ እኔ እየታዘዝሁ።

አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። ከእንግዲህ ወዲህ የማላውቀው ቃል በገጠመኝ ጊዜ አላውቅም ለማለት አላፍርም። እናንተም እንዳታፍሩ አደራ እላለሁ።